የአገር አበባ በየወቅቱ
(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር)



በዛሬው ምሽት ላወሳላችሁ ያሰብሁት ነገር ለአንዳንዶቻችሁ እንደ ቀላል ነገር ይቈጠር ይሆናል፤ ይኸውም ስለ አበባ ነው። ነገር ግን በስብሰባ አዳራሻችን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፥ በሠርግ መኪና ላይ የሚታሰረው፥ የካቲት 12 ቀን በስድስት ኪሎ በሰማዕታት ሐውልት ሥር፥ የካቲት 23 ቀንም በዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ሥር የሚኖረው የአበባ ጉንጉን ሁሉ በገንዘብ የሚገዛ፥ ከአንድ ስፍራ የሚመጣ፥ በመጨረሻም ወደ አንድ ስፍራ የሚጣል ነገር ነው። ከወዴት መጣ? ማን ተከለው? ከበዓሉ በኋላስ ወዴት ይሄዳል? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ከእናንተ መካከል የግዢ ወረቀት የምትፈርሙ፥ ወይም በበዓል ዝግጅት ኮሚቴ የምትመደቡ ብዙዎች ስለ ሆናችሁ፥ ነገሩ ከጌጥነት አልፎ የሥራችሁ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዋና ከተማችን በስሟ አበባን የተሸከመች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃ አካባቢ ባዩት አበባ ደስ ተሰኝተው ይህን ስም እንዳወጡላት ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው ታሪክ ነው። ያ አበባ በዚያው መሬት ላይ የበቀለ የአገር አበባ እንጂ ከባሕር ማዶ ተጭኖ የመጣ አልነበረም።

ሕዝባችን ግን አበባን በየወቅቱ ማወቅ የጀመረው ይህች ከተማ ከመቈርቈሯ እጅግ አስቀድሞ ነው። ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች ለምለም ቄጠማና አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ወንዶች ልጆችም አበባ በቀለም ሥለው ለጎረቤት ያበረክታሉ። የደመራው እንጨት ጫፍ በአደይ አበባ ያጌጣል። ቡና ሲፈላ ወለሉ ላይ ሣር ይጎዘጎዛል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ከአሪቲና ከጠጅ ሣር ጋራ የተቀላቀለው ቄጠማ በመዓዛው ቤቱን ይሞላዋል። ይህን ሁሉ ያዘጋጁ የነበሩት እናቶቻችን ስለ አበባ አቀማመጥ ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩም፤ ነገር ግን በሚያዝያ ወር «አደይ አበባ አምጡልኝ» የሚል ሰው ቢነሣ በሣቁበት ነበር። ወቅቱ ያልሰጠውን አይመኙም፤ ወቅቱ የሰጠውን ደግሞ ሳይጠቀሙበት አያሳልፉም ነበር። በአሁኑ ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ «የአካባቢያችንን አበባ በየወቅቱ» እያሉ የሚቀሰቅሱ ሰዎች ተነሥተዋል፤ በእንግሊዝ አገርም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የአነስተኛ አበባ አብቃዮች ማኅበር ለዚሁ ዓላማ ተቋቁሟል። ኀሳባቸው የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም ከእናቶቻችን ልማድ ብዙ የራቀ አይደለም።

የኛ ከተሜ ግን በዚያው ጊዜ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዘንብሏል። በየአዳራሹና በየመቀበያ ክፍሉ የፕላስቲክ አበባ ሞልቷል። በሠርግና በቀብር ላይም ከእውነተኛው አበባ ይልቅ የጨርቅና የፕላስቲክ አበባ እየበዛ ሄዷል። «አንድ ጊዜ ከተገዛ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ቁጠባ ነው» የሚሉ አሉ። ይህን አባባል በጥሞና መርምሬዋለሁ፤ አላሳመነኝም። በመጀመሪያ ነገር ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ የሚወጣው ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ነው። ሁለተኛም አገለገለ የሚባለው ዘመን አቧራ የሚጠጣበትና ቀለሙ የሚገረጣበት ዘመን ነው፤ በፀሐይ የነጣ የፕላስቲክ ጽጌ ረዳ የተቀመጠበት መሥሪያ ቤት እንግዳውን ያከበረ አይመስለኝም። በመጨረሻም ሲጣል አይበሰብስም።

እውነተኛ አበባ የሚጠቀሙትም ቢሆኑ ከዚህ ነቀፋ ፈጽመው የዳኑ አይደሉም። የአበባ አዘጋጆች ግንዱን የሚተክሉበት፥ ውኃ የሚመጥጥ አረንጓዴ ስፖንጅ መሰል ነገር አይታችኋል። ይህ ዕቃ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ ለገበያ የቀረበ ሲሆን የሚሠራውም ከፕላስቲክ ዘር ነው። ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪውም ከተደፋው ውኃ ጋራ ወደ ቦይና ወደ ወንዝ ይወርዳል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ይህን ፍርፋሪ እንደሚበሉትና እንደሚጎዳቸው አሳይተዋል። በአበባ ትርኢቱ የታወቀው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበርም ከ2021 ጀምሮ ይህ ስፖንጅ በትርኢቶቹ ላይ እንዳይገባ ከልክሏል። እኛ ዘንድ ግን ገና እንደ ሥልጣኔ ምልክት የሚታይበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ የአገር አበባ ስል ኀሳቤ ወደ አንድ ደጋ ይሄዳል፤ ወደ ጨንቻ። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛውን ዳገት የሚወጣ መንገደኛ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ከታች ትቶ፥ በዶርዜ በኩል አልፎ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከሚሆን ጉምና ብርድ ውስጥ ይገባል። አርባ ምንጭ በ1,300 ሜትር ግድም ላይ ያለች ስለ ሆነች፥ ሰውየው በአንድ ማለዳ ከሙዝ አገር ወደ ፖም አገር ተሻገረ ማለት ነው። ከጨንቻም በላይ የጉጌ ተራራ 4,200 ሜትር ገደማ ሆኖ ቆሟል። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በ1950ዎቹ ወደ አርባ ምንጭ እስኪዛወር ድረስ ጨንቻ ርእሰ ከተማ ነበረች፤ በዚያ ዘመን እዚያ የተመደበ ጸሓፊ ጋቢውን ሳይደርብ እንዳላመሸ መገመት አያዳግትም።

ስለ አበባ ሲነሣ ይህን ደጋ የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። ዝናቡ በበልግም በክረምትም ይመጣል፤ ጉሙም መሬቱን ቶሎ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ አትክልት ያለ መስኖ ለምልሞ ይቆማል። በየደጃፉ የእንሰት ተክል አለ፤ ቀርከሃም በየስፍራው ይበቅላል። የአገሩ ሰዎች አባቶቻቸው እንጨት እንዳይቈረጥባቸው የከለከሏቸውን የተከበሩ የዛፍ ስፍራዎች ሲጠብቁ ኖረዋል። በዚህና በመሰሉ ደጋዎች አሜጃ ቢጫ አበባውን፥ አስታ ጥቃቅን ነጭ አበባውን፥ ኮሶም ቀላ ያለ ረጅም ዘለላውን ያወጣሉ። ቀጋንም አትርሱ። ጽጌ ረዳን ከውጭ የመጣች እንግዳ አድርገን የምናይ ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን በአጥራችን ላይ ነጭ አበባ የሚያወጣው እሾኻሙ ቀጋ ራሱ የጽጌ ረዳ ወገን ነው፤ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኝ ሌላ የጽጌ ረዳ ዘር የለም።

ለምለም ነገርን ማክበርም ለጋሞ ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ስለ ተፈጸመው ግፍ የተቈጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ከተማ ለበቀል በወጡ ጊዜ፥ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም የአባቶቻቸውን ሣር አልፈው መራመድ አልቻሉም። መሣሪያ የታጠቀ ሰው ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ከጓሮ የተነጨ ሣር አደረገው። ይህን የምናገረው አበባ ከመሸጥ ጋራ ለማነጻጸር አይደለም፤ በዚያ አገር አንድ ጭብጥ ለምለም ሣር ምን ያህል ክብደት እንዳለው እንድትረዱልኝ ነው። መስከረም ደግሞ «ዮ ማስቃላ» እየተባለ የሚከበረው ታላቁ በዓላቸው የሚውልበት ወር ነው። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ ጥበብ ሲሸምኑ የሚከርሙት የዶርዜ ልጆች በዚያ ጊዜ ወደ አገራቸው ይገባሉ፤ ደጋውም በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ፖምን ለምሳሌ እንውሰድ። ፖም ለጨንቻ የአባት ተክል አይደለችም፤ በ1940ዎቹ ሚሲዮናውያን ችግኟን አምጥተው ተከሏት። ብርዱ ተስማማት። ለብዙ ዓመታት የጥቂት ጓሮዎች ጌጥ ሆና ከቆየች በኋላ ግን ገበሬው ፍሬዋንም ችግኟንም እየሸጠ የሚጠቀምባት የገንዘብ ምንጭ ሆነች፤ ዛሬ «የጨንቻ ፖም» ሲባል የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ የጨንቻ ገበሬ ለአዲስ የአትክልት ሥራ እጁ የፈታ መሆኑ ነው። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ብዙ የፖም ዓይነት በገዛ ራሱ ብናኝ በደንብ አያፈራም፤ ከሌላ ዓይነት ብናኝ የሚያመጣለት ንብ ይፈልጋል። እንግዲህ በፖሙ እርሻ ዳር ዳር የተተከለ አበባ ለሠርግ ከመቈረጡ በፊት ንቡን እየመገበ ያቆየዋል ማለት ነው። ማሩም ሌላ ጥቅም ነው።

እዚህ ላይ ስለ ትልልቆቹ የአበባ እርሻዎች ሳልናገር ባልፍ ፍርድ አጓደልሁ እባላለሁ። አገራችን በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ የአበባ ላኪ ሆናለች። በዝዋይና በሌሎች ስፍራዎች በፕላስቲክ ጣሪያ ሥር የሚበቅለው ጽጌ ረዳ ማታ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ሆላንድ ገበያ ይሄዳል፤ ለውጭ ገበያ ያልተመረጠውም በከተማችን ይሸጣል። እርሻዎቹ ለብዙ ሺሕ ሰዎች፥ ይልቁንም ለሴቶች፥ ሥራ ሰጥተዋል። በአንጻሩ ስለ ሐይቁ ውኃና ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚነሣው ስሞታ በከንቱ የተነሣ አይደለም።

ከሩቅ የመጣ ሁሉ መጥፎ፥ ከቅርብ የመጣ ሁሉ መልካም ነው የሚለውም አስተያየት ትክክል አይደለም። በእንግሊዝ አገር የክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ባደረገው ንጽጽር፥ በሆላንድ በጋለ የመስተዋት ቤት ውስጥ የበቀለ ጽጌ ረዳ ወደ አየር የሚለቀው የተቃጠለ አየር በኬንያ ፀሐይ በቅሎ በአውሮፕላን ከመጣው ጽጌ ረዳ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ለእንግሊዛዊው የቅርቡ የሆላንድ አበባ ከሩቁ የኬንያ አበባ የባሰ ጥፋት አለበት ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሆላንዳዊው በክረምቱ ብርድ የበጋ አበባ ለማብቀል ሲል ነዳጅ ያነዳል። ስለዚህ ከርቀቱ በፊት መጠየቅ ያለበት አበባው በወቅቱ፥ በገዛ ፀሐዩና በገዛ ዝናቡ የበቀለ መሆኑ ነው። ለኛ ዕድል ሆኖ ሁለቱ በአንድነት ተገኝተውልናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አበባ የሚቈረጠው ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ነው። ቢላዋው የተሳለ ይሁን፤ ግንዱ በአግድመት ይቈረጥ፤ ወዲያውም ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይግባ። ከውኃው በታች የሚውለው ቅጠል ሁሉ መመልመል አለበት፤ ያለዚያ በስብሶ ውኃውን ያበላሸዋል። ተቈርጦ በውኃ ውስጥ ሌሊቱን በጥላ ያደረ አበባ በማግስቱ መንገዱን ይችላል። የጨንቻ ሌሊት ደግሞ ሌላው አገር በመብራት ኃይል የሚያገኘውን ማቀዝቀዣ ቤት በነጻ የሚሰጥ ሌሊት ነው።

ስለ መጠቅለያው ማንም አይጨነቅ። ዳቦ የምንጋግርበት የኮባ ቅጠል ሰፊና እርጥበት የሚይዝ ነው፤ የእንሰት ቅጠልም እንዲሁ። ከእንሰቱ የሚወጣው ቃጫ ደግሞ ከማናቸውም የናይለን ገመድ የሚተናነስ አይደለም። ቀርከሃውን ከአንጓው በታች ቢቈርጡት ውኃ የሚይዝ የአበባ ማስቀመጫ ይሆናል፤ ቢሰነጥቁትም የጉንጉን ክብ ይወጣዋል። ቀርከሃ እየፈለጡ ቤት የሚያህል ነገር የሚሸምኑት ዶርዜዎች የአበባ ጉንጉን ክብ መሥራት የሚያቅታቸው አይመስለኝም! በአረንጓዴው ስፖንጅ ፈንታ የሽቦ መረብ ጠቅልሎ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ እርሱም ታጥቦ ዓመት ከዓመት ያገለግላል። ጃፓኖች በጥንታዊው የአበባ ጥበባቸው ሦስት ግንድ ብቻ በእሾኻማ ብረት ላይ ሰክተው ከኛ የሃምሳ ጽጌ ረዳ እቅፍ የበለጠ ግርማ ይሰጡታል። እንግሊዛዊቱ ኮንስታንስ ስፕራይም ከአጥር ሥር የለቀመችውን ቅጠልና የጎመን ቅጠል ሳይቀር በአበባ መካከል እያስገባች ባላባቶቹን አስደንቃለች፤ ይህችው ሴት ናት በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ሲጫን አበባውን ያዘጋጀችው። ጎመን ለንግሥት አዳራሽ ካልነወረ፥ የኛ አሪቲና ጤና አዳም ለመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ምን ይነውረዋል?

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የመጓጓዣው ጉዳይ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሲሆን ማታ ማታ የሚጓዘው ጭነት በብዛት ሙዝ ነው። «በሙዙ ላይ አበባውን ደርቦ መላክ ነው» የሚል ኀሳብ ለማንም ሰው ቶሎ ይመጣል፤ ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የሚበስል ሙዝ፥ የበሰለ ፖምም፥ ኤቲሊን የተባለ የማይታይ ጋዝ ይተነፍሳል። ይህ ጋዝ ፍሬን ቶሎ እንደሚያበስል ሁሉ አበባንም ቶሎ ያስረጃል፤ ካርኔሽን የተባለው አበባ ተከፍቶ የነበረው ተመልሶ ይጨማደዳል፥ የሌላውም ቅጠል ይረግፋል። ጨንቻ የፖም፥ አርባ ምንጭ የሙዝ አገር ስለ ሆኑ ይህ አደጋ በመጋዘንም በመኪናም አብሮ ይጓዛል። ስለዚህ አበባው ለብቻው፥ አየር በሚገባበት በቀርከሃ ቅርጫት ሆኖ፥ በሌሊት ቅዝቃዜ መጓዝ ይገባዋል። በነገራችን ላይ በየቢሮው የፍራፍሬውን ሳሕን ከአበባው ማስቀመጫ አጠገብ የምታስቀምጡ ሁሉ «አበባው ሦስት ቀን አልቆየም» ብላችሁ ሻጩን ከመውቀሳችሁ በፊት ሙዙን አንሡት።

በኔ አስተያየት ግን የጨንቻ አበባ መጀመሪያ ሊሸጥ የሚገባው በአዲስ አበባ አይደለም። አርባ ምንጭ ሐይቆቹን ቁልቁል የሚያዩ ሆቴሎች፥ ዩኒቨርሲቲ፥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በየሳምንቱ ሠርግ ያሉባት ከተማ ናት፤ ከደጋው እስከዚያ የአንድ ማለዳ መንገድ ነው። ገበያውም ቢሆን ተራ አለው፤ የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፥ የጨንቻ ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜ ስለሚውል አበባው ለሳምንቱ መጨረሻ ሠርግ በወቅቱ ሊሰበሰብ ይችላል። ለአዲስ አበባ የሚስማማው የደረቀው ነው፤ የኮሸሽላ እሾኻም ድቡልቡል ራስ፥ የሣር ዛላ፥ ደርቆ ቀለሙን የማይለቅ የደጋ አበባ ሁሉ በጥላ ተሰቅሎ ከደረቀ በኋላ አይከብድም፥ አይበሰብስም፥ ሙዝም አይጎዳውም።

አሁን ከባዱን ነገር ላንሣ። በጋሞ ደጋ የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሄክታር እጅግ ያነሰ ነው። በዚያች መሬት ላይ እንሰት፥ ድንች፥ ገብስና ባቄላ ይበቅላሉ። ወንዶቹ ወደ ሽሮ ሜዳ ለሽመና ሲሄዱ ጓሮውን የምታስተዳድረው ሴቲቱ ናት፤ የከብቱ ፍግም አስቀድሞ ለእንሰቱ የሚገባ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «እንሰቱን ንቀሉና አበባ ትከሉ፤ ገንዘብ ታገኛላችሁ» ቢል እኔ በግልጽ እቃወመዋለሁ። እንሰት ለክፉ ዓመት የሚጠብቅ ምግብ ነው፤ አበባ ግን ገዢ ያጣ ዕለት አይበላም። አበባ ቦታው በአጥር ላይ፥ በእርከን ጠርዝ፥ በፖም ዛፎች ዳርና በመንገድ ዳር ነው። በእርከን ላይ የሰደደ ሥር አፈሩንም ይይዛል፤ በዚያ ቀጥ ባለ ዳገት ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። ከዱር የሚለቀመውም በልክ መሆን አለበት፤ ከተከለከሉት የዛፍ ስፍራዎች ግን ቅጠል እንኳ አይነካ። ገንዘቡም አበባውን ለተከለችውና ለቈረጠችው ሴት እጅ መድረስ አለበት፤ በመካከል ያለው ነጋዴ ብቻ የሚከብርበት ሥራ ከሆነ በሁለተኛው ዓመት የሚተክል አይገኝም።

ይህን ሊያስተካክል የሚችለው ገዢው ነው፤ ገዢው ደግሞ በብዙ ስፍራ እናንተ ናችሁ። በግዢ ጥያቄ ወረቀት ላይ «ቀይ ጽጌ ረዳ፥ ብዛት 50» ተብሎ ሲጻፍ ወቅቱና አካባቢው ሳይጠየቁ ቀሩ ማለት ነው፤ አቅራቢው ያን ዕለት ቀይ ጽጌ ረዳ ከየትም ብሎ ማምጣት አለበት። በዚያ ፈንታ «የወቅቱ የአገር አበባና ቅጠል፥ ለ10 ጠረጴዛ፥ ያለ ስፖንጅና ያለ ፕላስቲክ» ተብሎ ቢጻፍ አቅራቢው በጥር ያለውን በጥር፥ በመስከረም ያለውን በመስከረም ያቀርባል። ዋጋው በዓመቱ መጀመሪያ ይወሰን፤ የበዓላቱም ቀን አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ ትእዛዙ ከወራት በፊት ይሰጥ። የካቲት 12 እና የካቲት 23 በየዓመቱ በቀናቸው ይመጣሉ፤ ሆኖም ለነዚህ ቀናት የሚሆነውን ጉንጉን በዋዜማው የሚያሯሩጡ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ትእዛዙን ቀድማ ያወቀች ገበሬ የምትተክለውን ታውቃለች። የተሸበቡ የጽድና የአስታ ቅርንጫፎች፥ ጥቂት ነጭ አበባ፥ የቀርከሃ ክብና የቃጫ ማሰሪያ ለማንኛውም ሐውልት የሚመጥን ጉንጉን ይወጣቸዋል። ሥነ ሥርዐቱ ካለቀ በኋላም ሁሉ በአንድነት ተከትፎ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይገባል፤ ማሰሪያውን እንኳ መፍታት አያስፈልግም፤ ቃጫም ይበሰብሳልና።

ስለ አደይ አበባ አንድ ነገር ተናግሬ ላብቃ። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ነው፤ በክረምት በቅሎ፥ በመስከረም አብቦ፥ ዘሩን አራግፎ ይሞታል። ስለዚህ በአንድ ሜዳ ላይ ያለው ሁሉ ገና በአበባነቱ ተነቅሎ ለገበያ ከወጣ ለመጪው ዓመት የሚቀር ዘር የለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ቢጫ የነበሩት ሜዳዎች ብዙዎቹ ቤት ተሠርቶባቸዋል፤ ለቃሚዎቹም ዓመት ከዓመት ወደ ሩቅ መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል። በዋዜማው በየመንገዱ የሚሸጡትን ልጆች አትግዙ ማለቴ አይደለም፤ የበዓል ልብሳቸው ከዚያ ይወጣልና ግዙ። ነገር ግን ከነሥሩ የተነቀለውን ትታችሁ በቢላዋ የተቈረጠውን ምረጡ፤ ለምን እንደ መረጣችሁም ለልጁ ንገሩት። ለቃሚውም ከሦስት እጅ አንዱን እጅ ለዘር ይተው።

የመሥሪያ ቤት ግቢ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ልታደርጉ ትችላላችሁ። በኅዳር ወር የደረቀውን የአደይ ራስ ሰብስባችሁ በወረቀት ከረጢት በደረቅ ስፍራ አቆዩት፤ በሰኔ መጀመሪያ ዝናብ ጥላ በሌለበት የግቢው ጥግ ላይ በትኑት፤ በላዩ ጥቂት አፈር ብቻ አልብሱት። አትክልተኛው በሐምሌ አረም መስሎት እንዳይነቅለው በቦታው ላይ ምልክት ማቆም ያስፈልጋል። ጊዜዬ ስላለቀ በዚሁ አቆማለሁ።